የሐዲዱ ጎን

አቶ ይሳቅ ስዕል ማድነቅ የጀመሩት ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ልጃቸውን ኑሀሚንን ያንገበገባትም ይኸው ነበር።

ዓይናቸው ደህና ሳለ አንድም ስዕሏን ሳይነቅፉ አልፈው አያውቁም። የድሬዳዋውን የከዚራ ሰፈር ዛፎች ስትስል፣ "ዛፍ ነው ወይስ የተከፈተ ጃንጥላ?" ይሏታል። ባጃጅ ስትስል ጎማውን ቆጥረው፣ "ሦስተኛውን እግር የት አደረስሽው?" ይላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በባቡር ሐዲድ ላይ በእግራቸው እየሄዱ የላላ ብሎን ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጉድለት ካላገኙ አያርፉም።

አሁን ግን ሁሉም ነገር "ቆንጆ ነው" ሆነ። አንድ ቀን ሆን ብላ ባዶ ሸራ አቆመችላቸው። ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ቆንጆ ነው፤ እጅሽ ተፍታቷል" አሏት። ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ግላኮማ የሚሉት በሽታ የቀኝ ዓይናቸውን ጨርሶ፣ በግራው የቀረላቸው የቧንቧ አፍ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ነበረች። የዓይን ሐኪማቸው ያቺም እስከ ክረምት ላትቆይ እንደምትችል፣ ለጊዜው ግን ደመቅ ያለና የሚያብረቀርቅ ነገር ሊለዩ እንደሚችሉ ለኑሀሚን ነገረቻት። ኑሀሚን ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዛ የወጣችው "የሚያብረቀርቅ" የምትለዋን ቃል ነው። ጨርሶ ሳይጨልምባቸው አባቷ አንዲት ስዕሏን በእርግጥ እንዲያዩላት ፈለገች። ሌላ ምንም አልፈለገች።

ከከተማው ወጥቶ ሜዳውን የሚሰነጥቀውን የድሮውን ሐዲድ በአክሪሊክ ቀለም ሳለችው። ሐዲዱ ላይ መጀመሪያ የለጠፈችው ምግብ የሚጠቀለልበትን ፎይል ነበር። ወፍራም ነውና ተጨማደደ፤ በማግስቱ ጠርዙ ተነቅሎ፣ ስዕሉ ምሳ የተቋጠረበት መሰለ።

ጎረቤቷ ፋርቱን ጥፍር በማስዋብ የምትተዳደር ናት። "አቦ፣ ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር ምን ያታግልሻል? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?" አለችና ለሙሽሮች ጥፍር ካስቀመጠችው፣ ቅጠል ከሚሉት ስስ ብርማ ልባጥ አንድ ጥራዝ ሰጠቻት። ቅጠሉ ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፤ ለመብነን ትንፋሽ ይበቃዋል።

የሙጫው ጠርሙስ "ቀብተው ሩብ ሰዓት ይጠብቁ" ይላል። ያንን የጻፈ ሰው የድሬን ሙቀት አያውቀውም። ኑሀሚን ቬንትሌተሩን ከፍታ ሩብ ሰዓት ብትጠብቅ፣ ሙጫው እንደ መስታወት ደርቆ ቆያት። ደግማ ቀባች። አሁን ደግሞ ቬንትሌተሩ ቅጠሉን ከእጇ ነጥቆ በተነውና ግማሹን ላብ ባራሰው አንገቷ ላይ ለጠፈው። ፋርቱን በበሩ ብቅ ብላ፣ "ወላሂ ዛሬ ነው ያማረብሽ!" ብላ ሳቀችባት።

ከጥራዙ ሦስት ቅጠል ብቻ ቀረ። ፋርቱን ሌላ እስክታስመጣ ወር ይፈጃል፤ ኑሀሚን ደግሞ ወር አልነበራትም።

"አባባ፣ ቬንትሌተሩን ላጠፋው ነው። ውጪ ጥላው ስር ብትቀመጥ ይሻልሃል።"

"አጥፊው፤ እዚሁ ነኝ። እኛ ሐዲዱ ላይ ቬንትሌተር ነበረን እንዴ?"

መስኮቱም ተዘጋ። አባትና ልጅ ላብ በላብ ሆኑ። ሙጫውን ስስ አድርጋ ቀባችና በጣቷ ጀርባ ነካ ነካ እያደረገች ጠበቀች። በአራተኛው ደቂቃ ጣቷን ያዝ አድርጎ ለቀቃት። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው ለካ ለሙጫም ይሠራል። ትንፋሿን ውጣ ቅጠሉን አሳረፈችው፤ ያዘ። ሁለተኛውም ያዘ። ሦስተኛው ግን ወደ አንድ ወገን አጋድሎ ከሐዲዱ አናት አልፎ ጎኑንም አለበሰው። ብነካው ይቀደዳል ብላ ፈርታ ተወችው።

መስኮቱን ከፍታ ሸራውን ከፊታቸው ያዘች። የከሰዓቱ ፀሐይ ብሩ ላይ አረፈ። አቶ ይሳቅ አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ በዚያች ቀዳዳቸው ፈለጉ፤ ፈለጉና ቆሙ። ኑሀሚን "ቆንጆ ነው" እንዳይሏት ለመነቻቸው፤ በሆዷ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ።

"ሐዲድ ነዋ።"

"የምን ሐዲድ! ጎኑ ለምን ያበራል? መንኮራኩር የሚረግጠው አናቱን ነው፤ የሚያበራውም እሱ ብቻ ነው። ጎኑ ዝገት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁትን ልታስተምሪኝ ነው?" ጣታቸውን ዘርግተው ሦስተኛው ቅጠል ላይ አሳረፉት። አልሳቱም።

ኑሀሚን በዕድሜዋ ነቀፋ እንዲህ ጣፍጧት አያውቅም። እንባዋ ከላቧ ጋር እየወረደ፣ ዝገት የመሰለ ቀለም በጥብጣ የሐዲዱን ጎን ሸፈነችው፤ ሸራውንም መልሳ ያዘችላቸው።

"አሁንስ?"

"አሁን ሐዲድ ሆነ።"

"ሌላስ? ሌላ ስህተት የለውም?"

"ሞልቶታል" አሉ አቶ ይሳቅ። "ወንበሬን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጊልኝ፤ ሳይጨልምብኝ አንድ በአንድ ልንገርሽ።"