ፊቱማ ዝም ነው

አስገር አርባ ዓመት እስኪያልፈው ድረስ ራሱን እንደ ዝምተኛ ሰው ብቻ ነበር የሚቆጥረው። ባለፈው ክረምት ታላቅ እህቱ ቶራ ጎትጉታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ብዙ ጥያቄ ተጠየቀ። በመጨረሻ ሐኪሟ የሰው ፊት ፎቶግራፍ እያሳየች፣ "ይሄኛው ምን ተሰምቶታል?" ትለው ጀመር። የተቆጣውን ፈርቷል አለ፤ የተጸየፈችውን ደክሟታል አለ። ግማሹን ሳተ። ውጤቱ ኦቲዝም ሆነ። ይህ የተጻፈበትን ወረቀት ሰጥታ ሸኘችው።

አባታቸው ሆልገር በኤስቢየር ወደብ የታወቀ የዓሣ መረብ ጠጋኝ ነበር። አስገርም ሙያውን የተማረው ከእሱ ነው። ሃያ ዓመት አንድ መረብ መሃላቸው ዘርግተው ሲሠሩ፣ ሁለቱም ቀና ብለው አይተያዩም፤ የሚያዩት እጅ ነው። ሆልገር ወገቡን ሲያመው አውራ ጣቱን በጭብጡ ውስጥ ይደብቃል። አስገር ይህን ያየ እንደሆነ ከባዱን ገመድ ሳይጠየቅ ያነሳለታል።

በኋላ ሽማግሌውን ፓርኪንሰን የሚባል የነርቭ በሽታ ያዘው። ፊቱ እንደ ሰም ደረቀ፤ ድምፁም ጠፋ። አረጋውያን ማረፊያ ገባ።

አንድ ማክሰኞ አስገር ከሥራ ሲወጣ ሊጠይቀው ሄደ። አባቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። የቀኝ አውራ ጣቱ በጭብጡ ውስጥ ነው። አስገር የአባቱን ወንበር ጠጋ ሲያደርገው የሽማግሌው ጭብጥ ጠበቀ።

"አሞታል" አላት ተንከባካቢዋን ሊስቤትን።

ሊስቤት ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን ፊት አየች። "ኧረ ደህና ናቸው! እንዴት ሰላም እንደሆኑ ፊታቸውን አታየውም?"

አስገር ከደጅ ሆኖ ለቶራ ደወለ።

"አባዬን አሞታል።"

"አመመኝ አለህ?"

"አላለም። እጁን አይቼ ነው።"

ቶራ በረጅሙ ተነፈሰች። "አስገርዬ፣ እሑድ አይቼዋለሁ፤ ደህና ነበር። ደሞ አትቀየመኝና፣ የሰው ስሜት ማወቅ ያንተ ነገር አይደለም። ሐኪሟስ ያለችው ይሄንኑ አይደል?"

ቤቱ ገብቶ ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣ። ግማሹን ስቷል ይላል። የማይንቀሳቀስ ፎቶግራፍ ያሳሳተው ሰው፣ እንዴት በገዛ ዓይኑ ይተማመናል? ረቡዕ ሳይሄድ ዋለ። ሥራ ላይ አንዲት ቋጠሮ ሦስት ጊዜ ተበላሸችበት።

ሐሙስ አላስችል አለው። ሲደርስ የአባቱ ሁለቱም አውራ ጣቶች ተደብቀዋል፤ የሸሚዙ አንገትጌ በላብ ርሷል።

"ሐኪም ጥሪ" አላት ሊስቤትን።

"ነገ ጠዋት ይመጣል እኮ።"

"ዛሬ። እስኪመጣ ከዚህ በር ንቅንቅ አልልም።"

"እራት ላቀርብ ነው፣ መንገዱን ዘጋኸው!"

"ልዝጋው።"

ሊስቤት እሱን ለመገላገል ስትል ደወለች። ሆልገር ሆስፒታል ተወሰደ፤ ራጅ ሲነሳ ዳሌው ተሰንጥቆ ተገኘ። መቼና እንዴት እንደወደቀ ያየ አልነበረም።

ቶራ እየሮጠች መጣች። ኮሪደሩ ላይ ወንድሟ ፊት ቆመች፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ቀልቷል። አስገር ቢያያት ቢያያት ከፊቷ ምንም ሊረዳ አልቻለም።

"ተቆጣሽ?" አላት።

"ማንን ልቆጣ? አፈርኩ እንጂ! ነግረኸኝ ነበር፤ በአፍህ ነግረኸኝ!"

"ማክሰኞ ነግሬሻለሁ። ረቡዕ ግን እኔም ራሴን አላመንኩትም።"

"እኔ ነኝ ያሳመንኩህ።"

"አዎ። የቀረሁት ግን እኔ ነኝ።"

ልታቅፈው እጇን ዘረጋች፤ መታቀፍ እንደማይወድ ትዝ ሲላት የኮቱን እጅጌ ብቻ ያዘች።

ሆልገር ቀዶ ሕክምናው ተሳካለት፤ ከዚያ ወዲህ ግን በእግሩ አልቆመም። ወደ ማረፊያው ሲመለስ፣ አስገር የአባቱን የእጅ ምልክቶች ከነትርጉማቸው በወረቀት ጽፎ አልጋው ራስጌ ለጠፈ። ሊስቤት አንብባ ያልገባትን ጠየቀችው። ሌሎቹ ተንከባካቢዎች ግን አሁንም በር ላይ ቆመው ፊቱን ብቻ አይተው፣ "ዛሬም ሰላም ናቸው" እያሉ ያልፋሉ። ስለዚህ አስገር በየቀኑ መምጣት ግድ ሆነበት።

አንድ እሑድ ቶራ ወንበር ስባ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠችና፣ "አሁን ምን እያለ ነው?" አለችው።

አስገር ብርድ ልብሱ ላይ የተዘረጉትን የአባቱን ጣቶች ለረጅም ጊዜ አያቸው። በሽታው እነሱንም ማድረቅ ጀምሯል።

"እኔ እንጃ" አላት። "ዛሬስ አላወቅኩም።"