መሃሉ አያጨበጭብም

መሐንዲሷ መጀመሪያ ያየችው እጆቹን ነው። ከጎሉ ጀርባ ባለው፣ ተመልካች ቆሞ በሚያይበት ደረጃ ላይ ግራና ቀኙ እየዘፈነ ያጨበጭባል፤ ከመሃሉ ግን አንድም እጅ ከፍ አላለም።

"ድምፁን ስሚልኝ እንጂ!" አሉ አጠገቧ የተቀመጡት የክለቡ ፕሬዚዳንት፣ ደስታው ወንበር ነስቷቸው። "እጅሽ ይባረክ! ስታዲየም ማለት ይሄ ነው።"

ደረጃውን የነደፈችው እሷ ናት። ከአራቱ መተላለፊያዎች ሁለቱን አንስታ ቦታውን ለሰው ያደረገችው፣ ዘፈኑ እንዲያስተጋባ ጣሪያውን ዝቅ ያደረገችውም እሷው ናት። የወተወታት ታላቅ ወንድሟ ነበር። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ በድምፁ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ "ጡሩምባ" ይለዋል። "እህት ዓለም፣ ሰው ከሰው ካልተጠጋጋ ኳስ ምን ይጥማል?" ይላት ነበር። ዛሬ በምርቃቱ ቀን እሱም እዚያው መሃል ቆሟል።

ደወለችለት። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች። የደንበኛውን ፀጉር ግማሽ ላይ ትቶ ስልክ የሚያነሳ ሰው፣ ዛሬ ምን ሆነ? ወዲያው ነገሩ ገባትና ክው አለች። እጁን ወደ ኪሱ መስደድ አልቻለም።

"ጨዋታው ይቁም! የመሃሉ ሰው መተንፈስ አልቻለም።"

"ምን ነካሽ አንቺ? እየዘፈነ?"

"የሚዘፍነው ጠርዙ ነው። መሃሉን ይዩት እስቲ!"

"የሜዳው አጥር ከተከፈተ ሰው ሜዳ ይገባል፤ በፎርፌ እንሸነፋለን። ልጄ፣ በገዛ ሥራሽ አትሸበሪ። ማንም በር እንዳይከፍት!"

ብሳሳትስ? አለች በሆዷ። ደግሞስ ባልሳሳትስ? ይሄኛው ይብስ አስፈራት። ከመቀመጫዋ ተነስታ እየተንደረደረች ወደ ሜዳው ጠርዝ ወረደች።

አጥሩ ጋ ስትደርስ ፊቶቹን አየች። አንዲት ሴት ጉንጯ ሽቦው ላይ ተለጥፎ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ አይወጣም። የአንድ ጎልማሳ ከንፈር ጠቁሯል። ከኋላ ከፍ ብሎ የቆመው ሰው ምን ያውቃል፤ እየዘፈነ፣ እየዘለለ፣ ሳያስበው ቁልቁል ይገፋል። ጡሩምባ የትም አይታይም። የእሷ ጣሪያ ዘፈኑን መልሶ ያስተጋባዋል፤ የሚቃትተውን ሰው ድምፅ ሁሉ ዋጠው።

"ክፈተው!" ብላ ጮኸች የአጥሩን በር በሚጠብቀው ዘበኛ ላይ።

ዘበኛው ላብ አጥምቆታል። "እኔም እያየሁ ነው እህቴ፤ ግን ያለ ትእዛዝ ብከፍት ያስሩኛል። ማን አዘዘ?"

"እኔ" ብትለው እንደማይከፍት ከዓይኑ ተረዳች። እውነቱን ብትነግረው ደግሞ በሩ ተዘግቶ ይቀራል። ውሸት ጨርሶ የማይሆንላት ሴት ናት፤ ነገ ምን እንደሚጠብቃትም አልጠፋትም።

"ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው" አለችው፣ ፊት ለፊት እያየችው። "አሁኑኑ ይከፈት ብለዋል።"

ዘበኛው ቁልፉን አወጣ።