እሺ ሳትይ አንቀመጥም

ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም አሉ። ሦስቱም ኮታቸውን እንደለበሱ ሳሎኑ መሃል ቆመዋል። ከፊታቸው ሰፊው ሶፋ ባዶውን ተዘርግቷል፤ ከሶፋው አጠገብ ደግሞ የነገሩ ሁሉ መነሻ የሆነው ካርቶን እንደታሸገ አለ። የቤቱ እመቤት የዓለምዘርፍ፣ የኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያው በፖስታ ከላከላት ጀምሮ አልከፈተችውም። የአበባ ማስቀመጫ አድርጋዋለች፤ አበባውን ባጠጣች ቁጥር ውሃው እየፈሰሰበት አንድ ጎኑ አብጧል።

«እሺ ሳትይ አንቀመጥም» አሉ አቶ ዓብዩ። ከቅርቧ ከተማ ከአሌክሳንድሪያ መኪና እየነዱ ሌሎቹን ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው፤ አፈ ጉባኤውም እሳቸው ናቸው። «ልጅሽ ሉሊት ናት የላከችን። አቤቱታሽን ተዪላት።»

ሽማግሌ ለጋብቻ ይላካል፤ ለተጣሉ ባልና ሚስትም ይላካል። የኬብል ቴሌቪዥን ለሚቀበል ዕቃ፣ ለኬብል ቦክስ፣ ሽማግሌ ሲላክ ግን የአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም። ቢሆንም ወጉ ያው ወግ ነው። ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም፤ የቤቱ እመቤት «በሉ ተቀመጡ» ካለች ደግሞ እሺ አለች ማለት ነው። የዓለምዘርፍ ይህን ስለምታውቅ ወደ ሶፋው በዓይኗ እንኳ አላመለከተችም።

«እንግዲያው እኔም አልቀመጥም፣ ጋሽ ዓብዩ» አለች እጆቿን አጣምራ።

አራቱም ቆሙ።

ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ጥቁር የፕሮግራም መቅጃ የገዙት እሷና ባለቤቷ ገላው ናቸው። ያን ጊዜ የመንግሥት ደንብ ነበረ። ሰው የራሱን ዕቃ ከገዛ፣ ኩባንያው ከኋላው የሚሰካ ትንሽ ካርድ እንዲሰጠው ይገደድ ነበር፤ ካርዱ ከተሰካ ሌላ ቦክስ መከራየት የለም። ገላው ካረፈም በኋላ መቅጃው አንድ ቀን አላስቸገራትም፤ ሪሞቱ ብቻ ተሰብሮ በፕላስተር ጠቅልላዋለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን የፌዴራሉ መንግሥት ያንን ደንብ ሻረው። ኩባንያው ዘንድሮ ካርዱን እንደሚዘጋና ከእንግዲህ ደንበኛው ሁሉ የኩባንያውን ቦክስ እንደሚከራይ አስታወቀ፤ ቦክሱንም በካርቶን አሽጎ ላከ። የዓለምዘርፍ ካውንቲ ለሚባለው የአካባቢው አስተዳደር የኬብል ቦርድ አቤት አለች። ካውንቲው ከኩባንያው ጋር በሚዋዋለው ውል ውስጥ ያ ደንብ ተመልሶ እንዲገባ ነው የጠየቀችው። ቦርዱ ሊሰማት የቀጠረው ለዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የአንዲት ግትር ሴትዮና የአንድ ትልቅ ኩባንያ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሉሊት ደወለች።

«እማዬ፣ የአቤቱታሽን ኬዝ ለእኔ ሰጡኝ» አለች። ሉሊት አሌክሳንድሪያ በሚገኘው የኩባንያው ቢሮ ትሠራለች፤ በቅርቡም ዕድገት አግኝታለች። «ፋይሉ ላይ ስምሽን ሳየው ልቤ ቀጥ አለ።»

«እናቴ ናት አላልሻቸውም?»

«አላልኩም። በምን ያውቃሉ? ላስት ኔማችን አይገናኝ። እኔ ገላው፣ አንቺ ይገዙ።»

ልጅቱ በአባቷ ስም ትጠራለች፤ እናትየዋም በአባቷ። አሜሪካኖቹ ይህን ከየት ያውቁታል? ኩባንያው ልጅን ከእናቷ ጋር ሲያጋጥም የገመተው አንድም ነገር አልነበረም።

«ታዲያ ንገሪያቸው» አለች የዓለምዘርፍ።

«ብነግራቸው ከኬዙ ያወጡኛል። ቦርድ ፊት ስቀርብ የመጀመሪያዬ ነው እኮ። ስንት ዓመት ነው የጠበቅኩት! አቤቱታሽን ዊዝድሮው አድርጊው፣ ተዪልኝ፣ ፕሊስ። የቦክሱን ኪራይ እኔ እከፍልልሻለሁ።»

«መች ክፈይልኝ አልኩሽ?» አለችና ስልኩን ዘጋች። ያናደዳት ልጇ አልነበረችም። ያናደዳት ኪራይ የሚለው ቃል ነበር።

አባቷ አቶ ይገዙ አዲስ አበባ ላይ፣ ስታገባ የምትኖርበት ብለው ቤት ሠርተውላት ነበር። አብዮቱ መጣና ቤቱ ትርፍ ተብሎ ተወረሰ። እሷም አባቷ ባስገጠሙት በር እየገባች እየወጣች፣ ለቀበሌ ኪራይ እየከፈለች ኖረችበት። ጣራው ሲያፈስ ለማስጠገን ደጅ ትጠና ነበር። ቆርቆሮው የአባቷ ነው፤ ሚስማሩን የመታውን አናጢ እንኳ በስሙ ታውቀዋለች። ግን በዚያ ዘመን ማን ደፍሮ አፉን ይከፍታል? ዝም አለች። ኬብል ቦክስ ቤት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ሞኝ አይደለችም። የገዛ ዕቃሽን ጥለሽ የእኛን ተከራዪ የሚል ሲመጣ ግን ሁለተኛ ዝም ማለት እምቢ አላት።

ሳሎኑ ውስጥ፣ ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት አቶ ኪራኮስ እግር መቀያየር ጀመሩ። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ሦስተኛው ሽማግሌ ለቁጥር ማሟያ የመጡ ስለሆነ ኮርኒሱን ያያሉ።

«ጋሽ ኪራኮስ፣ እርስዎ እንኳ ይቀመጡ» አለች የዓለምዘርፍ፣ አንጀቷ አልችል ብሎ። «እሺ አላልኩም። ለጉልበትዎ ብዬ ነው።»

«ለጉልበቴ የተለየ ሽምግልና የለም» አሉ አቶ ኪራኮስ። «ከተቀመጥኩ እሺ ብለሻል።»

«እንግዲያው ይቁሙ።»

አቶ ዓብዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የወለድሻት ልጅ ናት እኮ፣ የዓለም። በአንድ ቦክስ እንጀራዋን ትዘጊባታለሽ?»

ይህ ወጋት። ለሉሊት ብላ ያልሆነችው የለም፤ አሁንም የሚጠበቅባት አበባውን አንሥቶ ካርቶኑን በቢላ መቅደድ ብቻ ነው። ካርቶኑን አየችው። ከዚያ ጥቁሩን መቅጃ አየችው፤ ትንሿ መብራቱ እንደ ሁልጊዜው በርታለች።

«ልጄን ሥራሽን ተዪ አላልኳት» አለች። «ትቁምና ትከራከረኝ። አሳምራ ከተከራከረች ደስ ይለኛል፤ አስተምሬያታለሁ። እኔ ግን አቤቱታዬን አልተውም።»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ሄዱ። አቶ ኪራኮስ ብቻ ወደ ኋላ ቀረት ብለው የበሩን መቃን ያዙ።

«አባትሽን አውቀው ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቤቱን ሲወስዱበት አንዲት ቃል አልወጣውም። እኔ መቼም ያ ዝምታ ነው የገደለው እላለሁ።» ከዚያ እያነከሱ ወደ ሊፍቱ አመሩ።

የካውንቲው አዳራሽ ከቤቷ በእግር የሚደረስበት ነው። የዓለምዘርፍ ስትገባ ሉሊት ከፊት ከኩባንያው ጠበቃ ጎን ተቀምጣለች፤ ግራጫ ሱፍ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራለች። ቀና ብላ አላየቻትም። የዓለምዘርፍ ዞር ስትል ሦስቱ ሽማግሌዎችም መጥተዋል። ይህ ሁሉ ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሽምግልናው አላለቀማ!

የቦርዱ ሊቀመንበር፣ መነጽር ያደረገች ሴት፣ ስሟን ሦስት ቦታ ቆርሳ ጠራችው። የዓለምዘርፍ ተነሥታ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደች። የሚቀመጡበት ወንበር አልነበረውም፤ የሚናገር ሰው ቆሞ ነው። ጉሮሮዋን ስትጠርግ ከኩባንያው ጠረጴዛ በኩል ወንበር ሲንሸራተት ሰማች። ሉሊት ተነሥታለች።

ትልቅ ሰው ቆሞ ልጅ አይቀመጥም ብሎ ያሳደጋት ገላው ነው። እዚህ አገር ትምህርት ቤት የገባች ሰሞን፣ አስተማሪ ብቅ ባለ ቁጥር ብድግ እያለች ልጆቹ ይስቁባት ነበር፤ እያለቀሰች ቤት ትመጣለች። በማግስቱም ትነሣለች።

ጠበቃው እጅጌዋን ሳብ አደረጋት። ሊቀመንበሯ ከመነጽሯ በላይ አየቻትና «ተቃውሞ አለዎት?» ብላ ጠየቀቻት።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ይቀመጡ። ተራዎ ሲደርስ ይናገራሉ።»

ሉሊት አልተቀመጠችም። ፊቷ ቀልቷል። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች በእንግሊዝኛ፣ «እናቴ ናት። እሷ ሳትቀመጥ እኔ አልቀመጥም።»

ጠበቃው እጅጌዋን ለቀቀ።

የዓለምዘርፍ የማይክሮፎኑን አንገት እንደያዘች ልጇን አየቻት። አክብሮት ነው? ወይስ እንደ ሽማግሌዎቹ ቆማ እየለመነቻት ነው? ከፊቷ ላይ ልትለየው አልቻለችም፤ ምናልባት ሉሊትም ራሷ አታውቀው ይሆናል። ደግሞ ያንን ረጅም ተረከዝ ነው የተጫማችው። «ቁጭ በይ፣ የኔ ልጅ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ያ ቃል ከወጣ ምን ማለት እንደሆነ ከኋላ የቆሙት ሦስቱም ያውቃሉ፤ አቶ ኪራኮስ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። ቃሉን መልሳ ዋጠችው።

«እንግዲያው ቻይው» አለቻት በአማርኛ፣ በማይክሮፎኑ። «የምናገረው ብዙ ነው።»

ከዚያ ወደ ቦርዱ ዞረችና ከአባቷ ቤት ጀመረች።