አባ ሰንጋቲ

እና ጓንቱ አውራ ጣታቸው ላይ ተቀደደ፣ ሁለታችንም ሳቅን፣ ይኼ ነው ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለው፣ ደሙ አይደለም፣ ጣፊያው አይደለም፣ መሳቃችን። የኦቦ ከዲሮ እጅ ሰፊ ነው፣ አርባ ዓመት እርፍ የጨበጠ እጅ፣ የኔ ቁጥር ጓንት ምኑን ይበቃዋል፣ ትልቁ ቁጥር መኪናው ውስጥ ነበረ፣ ሙሉ ካርቶን፣ ቢበዛ ሃያ እርምጃ፣ ሄጄ አላመጣሁም። ተወው ዶክተር አሉኝ፣ እኔ ይሄን በሬ በባዶ እጄ ነው ያሳደግሁት። ተውኩት።

አሁን ትከሻዬን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ረቡዕ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አሰላ፣ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር፣ ከፊታችን ሦስት ሰው አለ። ትኩሳታቸው በጋቢው አልፎ፣ በጃኬቴ አልፎ ክንዴ ድረስ ይመጣል። አንገታቸው አብጦ አገጭና ደረት አንድ ሆኗል፣ እብጠቱ ወደ ላይ ወጥቶ ግራ ዓይናቸውን ዘግቶታል፣ ከአገጩ ሥር ያቺ ቁስል፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል፣ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ዙሪያዋን ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነጥቦች። ያምዎታል ስላቸው በእጃቸው አይ ይላሉ። ቢያምማ ደስ ባለኝ፣ እባጭ ነው፣ ሸረሪት ነው እል ነበር፣ እንዲህ ጠቁሮ የማያም ቁስል ግን አንድ ብቻ ነው የማውቀው፣ ተማሪ አስተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ፣ አምስት ነጥብ።

አልፌ መግባት እችላለሁ። አንገት እንዲህ ሲያብጥ ትንፋሽ ይዘጋል፣ ሐኪም ነኝ፣ የከብትም ቢሆን ሐኪም ነኝ፣ ተነስቼ ይቅርታ እኚህ ሰው አይጠብቁም ብል የሚከለክለኝ የለም። አልነሳም። በሩ ላይ ምን ሆነው ነው ይሉኛላ። ስለዚህ ተራ እጠብቃለሁ፣ ሥርዓት ያለው ሰው እመስላለሁ፣ ከፊቴ ያለው ሰው ሁሉ ለኔ እረፍት ነው፣ እጇን በፎጣ የጠቀለለችው ሴትዮ፣ ሆዱን የያዘው ፖሊስ፣ ያ የሚያስለው ሽማግሌ፣ ቆዩ፣ አትቸኩሉ። ሚስታቸው ዙቤዳ በዚያኛው ወገን ፔርሙዝ አቅፋ ተቀምጣለች፣ ዛሬ ንጋት ላይ የደወለችልኝ እሷ ናት፣ መኪና ይዤ ደረስኩ፣ አንተ ባትኖር ምን እንሆን ነበር ትለኛለች፣ አላህ ይስጥህ፣ መኪና ውስጥም ብላኝ ነበር፣ ሁለቱንም ጊዜ አሜን አልኩ።

ስልኩ። እንደገና ስልኩ። ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሸሚዜን እየቆለፍኩ፣ የማላውቀው ቁጥር፣ ሃሎ ማን ልበል አልኩ፣ አንድ የወንድ ድምፅ፣ አባ ሰንጋቲ። ማን ልበል ነው እንግዲህ ያልኩት፣ የማን ልበል መልስ ደግሞ ሰውየው ማን እንደሆነ ነው፣ በኦሮምኛ አባ ማለት ባለቤት፣ ሰንጋ ያው ሰንጋ፣ ቲ ደግሞ ነኝም ነውም ናት፣ የበሬው ባለቤት ነኝ አሉኝ ማለት ነው፣ ንጹሕ ኦሮምኛ፣ ስህተት የለበትም። ኦሮምኛ የማያውቅ ሰው ስልኩን ቢያነሳ ኖሮ አባ ሰንጋ የሚለውን በአማርኛው ነበር የሚሰማው፣ በሽታውን፣ ይደነግጣል፣ ወረዳ ይደውላል፣ በሬው ሳይከፈት ይቀበራል፣ ኦቦ ከዲሮ ዛሬ ጠዋት ማሳቸው ላይ ይሆኑ ነበር። እኔ ግን አዋቂ ነኝ፣ አያቴ በቆጂ ተወልዶ በሁለት ቋንቋ የሚጣላ ሰው ነበር፣ ኦሮምኛውን ከሱ ነው የያዝኩት እያልኩ መሥሪያ ቤት እጎርራለሁ፣ አስተርጓሚ አልፈልግም፣ እኔን ብቻ ላኩኝ። በሽታውስ በኦሮምኛ ስሙ ማን ሆነና፣ ያው አባ ሰንጋ፣ አንድ ቃል ነው፣ ሁለት ነገር ነው፣ ይሄን ደግሞ አላውቅም ልበል እንዴ። እሺ ባለ በሬው፣ የት ነው ያላችሁት አልኩ። ከዛ በአማርኛ፣ ና ብቻ።

ለጥናቴ ስልሳ ጉበት ያስፈልገኛል። በአርሲ ደጋ በሬዎች ላይ የጉበት ትል በሐሞት ቧንቧ የሚያደርሰው ጉዳት፣ ሁለት ዓመት፣ ስልሳ ጉበት፣ ሃምሳ ሰባት በእጄ አለ። ቄራ የሚገባው ሰንጋ የደለበ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ምን ያደርግልኛል፣ እኔ የምፈልገው ረግረግ ላይ ግጦ፣ ከስቶ፣ ታሞ የሞተውን ነው፣ ስለዚህ ከበቆጂ በላይ ባለው ቀበሌ ሁሉ ስልኬን በትኛለሁ፣ በሬ ሲሞት ደውሉልኝ። ሰው በሬው ሞቶበት ሲደውልልኝ ደስ ይለኛል፣ ይኼን ሆኛለሁ፣ አዝናለሁ እላለሁ፣ በሌላው እጄ ቦርሳዬን አነሳለሁ።

እንስሳው ዕድሜው ሰባት ዓመት የሆነ ቡሬ በሬ ሲሆን በዋዜማው ሲያርስ ውሎ ሌሊቱን ያለ ቅድመ ምልክት መሞቱ በባለቤቱ ተገልጿል። ሪፖርቱን በጭንቅላቴ ጽፌ ጨርሻለሁ፣ አራት ቀን ሙሉ፣ ቋንቋው ያማረ ነው፣ የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከአፍንጫው ያልረጋ ጥቁር ደም ይታይ ነበር። አየሁት። ሲወድቅ በአፍንጫው ተደፍቶ ነው አልኩ፣ ለራሴ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። የፊት እግሩን አነሳሁ፣ እንደተኛ ሰው ክንድ ታጠፈልኝ፣ መድረቅ ነበረበት፣ አልደረቀም፣ ገና ትኩስ ነው አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የደም መስታወቶቹ ነበሩ፣ ጆሮውን ወግቶ አንድ ጠብታ፣ መስታወት ላይ ቀብቶ፣ አሰላ ወስዶ ማይክሮስኮፕ ሥር ማየት፣ ሕጉ ይኼ ነው፣ ያንን ሳያዩ ቢላ አይመዘዝም፣ ግን ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ነው፣ ጉበት ደግሞ አይጠብቅም፣ ሃምሳ ስምንተኛዬ።

መንደሩ ርቆ ቆሟል። በክት ነው፣ ሳይታረድ ሞቷል፣ አይበሉትም፣ አይነኩትም፣ ጉድጓዱ ግማሽ ተቆፍሯል። እምነታቸው አድኗቸው ነበር። እኔ ባልደርስ ከነቆዳው አስገብተው፣ አፈርና ድንጋይ ጭነውበት፣ አለቀ። እግሩን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ አልኩ፣ ማንም አልተነቃነቀም፣ አንዱ መሬት መሬት ያያል፣ አንዱ ጋቢውን ያስተካክላል፣ ኦቦ ከዲሮ መጡ፣ በሬዬ ነው፣ እኔ ልያዝ፣ እንግዳ ብቻውን አይደክምም። ጓንት፣ አውራ ጣት፣ ሳቅ።

ጣፊያው የሦስት ጣፊያ ያህል ነበር። ጥቁር። ቢላ ሲነካው እንደ ቀለጠ ሬንጅ ፈሰሰ፣ በኔ ጓንት ላይ፣ በሳቸው ባዶ ክንድ ላይ፣ ያኔ አወቅሁ፣ እዚያው ላይ፣ አንዲት ዝንብ አንገታቸው ላይ አረፈች፣ በዚያው እጃቸው አባረሯት፣ ከዛ ቦታውን አሸት አሸት አደረጉት። አየሁ። ምን ሆኖ ነው አሉኝ። ጉበቱ ነው አልኩ፣ ትል ነው። ጥልቅ ቆፍሩ፣ ቆዳውን እንዳትገፉ፣ ውሻ እንዳይደርስበት፣ ለትል እንዲህ ይባላል እንዴ፣ አንድ ሰው አልጠየቀኝም፣ ዶክተር ካለ አለ ነው። እጅዎን ይታጠቡ አልኳቸው፣ ለምሳ እንደሚታጠብ ሰው። ጉበቱንም ይዤ አልሄድኩም፣ ጉድጓድ ውስጥ ወረወርኩት፣ ኦቦ ከዲሮ አዩ፣ ለዚህ አልነበር የመጣኸው አላሉኝም።

ከዛስ። ከዛ ወደ አሰላ ስመለስ ሳጉሬ ላይ መኪና አቁሜ መድኃኒት ቤት ገባሁ፣ አሥር ፍሬ ዶክሲሳይክሊን፣ በሽታውን ሳይጀምር የሚያቆመውን፣ አንዱን እዚያው ባንኮኒው ላይ በውሃ ዋጥኩ። ቤት ገብቼ ቢላውን በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍኩ፣ ሱሪዬን አቃጠልኩ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ሃያ ፍሬ መግዛት እችል ነበር፣ መንገዱ ወደ ኋላም ይሄዳል፣ ከሳጉሬ እስከ እሳቸው ደጅ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ እንኩ ይቺን ይዋጡ፣ ሌላ ቃል ባልጨምር እንኳን፣ ለትሉ ነው ብዬ እንኳን ብዋሽ። አላደረግሁም። ማሸጊያው የደረት ኪሴ ውስጥ ነው፣ አሁን፣ እሳቸው በተደገፉበት በኩል፣ ጭንቅላታቸው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ ዙቤዳ የከረሜላ ወረቀት ይመስላታል።

እሑድ፣ በረኪና ሳይነካው ከቢላው ላይ ያስቀረሁትን ደም ቀብቼ አየሁ። ማንም የለም፣ ቤተ ሙከራው ቀዝቃዛ ነው፣ የአባ ሰንጋው ተሕዋስያን፣ ሰማያዊ ዘንጎች፣ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው፣ ዙሪያቸውን ሮዝ፣ ሲያምር አልኩ። ሲያምር። በተማርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ የጠራ አይቼ አላውቅም። ለሚመለከተው ክፍል በአስቸኳይ እንዲገለጽ፣ ነገ፣ ነገ እገልጻለሁ። ሰኞ ደወልኩላቸው፣ ደህና ነዎት ወይ፣ ደህና ነኝ ዶክተር፣ አንገቴን ዝንብ ነክሳኝ ታሳክከኛለች እንጂ፣ ያምዎታል፣ አያምም። ካልተሻለዎ ይደውሉልኝ አልኩ፣ ካልተሻለዎ፣ ሰኞ ዕለት፣ ሰኞ ቁስሏ ቢበዛ የሽምብራ ያህል ብትሆን ነው፣ ሰኞ በክኒን ትመለስ ነበር።

ለምን። ማፈር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ገበሬው በስልክ አውቆ የነገረውን ዶክተሩ ሬሳ ከፍቶ አጣው፣ ይሄን ማን ይናገራል፣ በየትኛው አፉ። አልሰማሁም እላለሁ፣ አሳሳተኝ እላለሁ፣ ቃሉ ሁለት ነው እላለሁ። ግን ድምፃቸውን አስታውሳለሁ። ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ድምፅ አልነበረም። ዝቅ ያለ ነበር፣ ክፉ ነገር በስሙ ሲጠራ ሰው እንደሚያደርገው፣ እንዳይሰማ። ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ሁለቱንም ሰምቼ ጉበት የሚያስገኝልኝን መረጥኩ።

ሦስቱም ገብተው ወጡ፣ መጨረሻ ላይ ፖሊሱ። ተራችን ነው። አነሳኋቸው፣ ቀለው፣ ይሄ ሁሉ ሰውነት እንዲህ ቀሎ፣ ዙቤዳ በር ላይ ቀረች ስል ተከትላን ገባች። ነርሷ ደረቷ ላይ ማሂ ይላል፣ ከጎጃም በቅርብ የመጣች ልጅ ናት፣ የገባው ሁሉ አማርኛ ይችላል ብላ ነው የምትጀምረው። ኦቦ ከዲሮ ይችላሉ፣ ዛሬ ግን ትኩሳቱ አማርኛቸውን ወስዶታል፣ ከመኪናው ጀምሮ ኦሮምኛ ብቻ ነው። ምን ሆነው ነው አባቴ፣ ትላለች፣ ጋቢውን ገለጥ እያደረገች። አፌን እከፍታለሁ። ይቀድሙኛል። በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በቅዳሜው፣ አባ ሰንጋቲ።

ያውቁ ነበር። አራት ቀን ሙሉ ያውቁ ነበር፣ እኔ ትል ነው ስላልኩ ትል አደረጉት።

የማሂ እጅ ይቆማል። አባ ሰንጋ ነው ያሉት፣ ትለኛለች፣ በአንዴ፣ አንድ የኦሮምኛ ቃል የማታውቅ ልጅ በአንዴ ሰማች። አሁን ለማምለጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ አይ ሲስተር፣ በኦሮምኛ እንዲያ ማለት የበሬው ባለቤት ነኝ ማለት ነው፣ ገበሬ ነኝ እያሉሽ ነው፣ እባጭ ነገር ነው፣ ንጹሕ ኦሮምኛ፣ ስህተት የለበትም፣ ከሳቸው ሌላ ከኔ በላይ የሚያውቅ እዚህ ክፍል ውስጥ ዙቤዳ ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ ዶክተር ካለ አለ ነው። ኦቦ ከዲሮ ያዩኛል፣ በተከፈተችው አንድ ዓይናቸው። አልተቆጡም። ምን ብዬ እንደምተረጉም እየጠበቁ ነው።

አባ ሰንጋ ነው ያሉት፣ እላለሁ። ነውም። በሬውን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ እግሩን ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ። መቼ ትለኛለች፣ ቅዳሜ፣ ቅዳሜ ትላለች፣ ጣቷን አጥፋ ልትቆጥር ትጀምርና ትተወዋለች፣ በሩን ከፍታ ሐኪም ትጣራለች፣ አልጋ፣ ኦክስጅን፣ ሰው ይሮጣል፣ ዙቤዳ ምንድን ነው፣ ምን አልካት ትለኛለች፣ ፔርሙዙ መሬት ነው። የጀመሩላቸው መድኃኒት አለ ወይ፣ ትለኛለች ማሂ፣ ቶሎ ይንገሩኝ። እጄ ኪሴ ገብቶ ይወጣል። ማሸጊያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ስምንቱ ባዶ፣ ሁለት ቀርቷል።

አንስታ ታየዋለች፣ ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ይፈታል፣ ጎበዝ፣ ስምንት ወስደዋል ማለት ነው፣ ትላለች፣ እስክሪብቶ ታነሳለች። ወስደዋል። ይኼም ሁለት ነው፣ በዚህኛው ቋንቋ ደግሞ፣ እሳቸውንም ወስደዋል ይባላል፣ እኔንም በአክብሮት ወስደዋል ትለኛለች፣ አዎ ብላት ውሸት አይሆንም፣ አዎ፣ አንድ ቃል፣ ትጽፈዋለች።

እኔ ነኝ፣ እላለሁ። የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ለሳቸው አልሰጠሁም።