ይበላል ባይ

በእኛ ቤተሰብ ምግብ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መብላት የለም። ነፍሱን ይማረውና አባታችን ዕድሜውን ሆቴል ኩሽና ውስጥ የፈጀ ሰው ነበር፤ ከመጋረጃው ጀርባ ምን ምን እንደሚደረግ ስለሚያውቅ የሌላ አብሳይ እጅ አያምንም። ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሁላችንም እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንጠብቃለን። እሱ ማንኪያውን ያነሳል፣ ያሸታል፣ ይቀምሳል፣ ከዚያ “ይበላል” ይላል። ካላለ አይበላም። አንዴ በአክስቴ ሠርግ ላይ ሳይል ቀርቶ የሙሽራው ዘመዶች እስከ ዛሬ አኩርፈውናል። እሱ ሲሞት ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። የበኩር ልጅ ነኝ፤ በዚያ ላይ የትልቅ ሆቴል ዋና አብሳይ ነኝ። ማን ሊቀማኝ?

ከሦስት ወር በፊት ግን ጉንፋን ያዘኝ። በሳምንቱ ለቀቀኝ፤ ሲለቀኝ አፍንጫዬን ይዞት ሄደ። ያወቅሁት አንድ ጠዋት ከጎኔ የነበረው ሽንኩርት ከሰል እስኪሆን ሲያርር በዓይኔ ብቻ ሳየው ነው። ምላሴ ጨውን ከስኳር ይለያል፣ ሎሚ ሲነካው ይኮማተራል፤ የቀረው ሁሉ የለም። ዶሮ ብበላ ዓሣ ብበላ የተቀቀለ ካርቶን ብበላ አንድ ነው።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለባለቤቴም ጭምር። የማያሸት አብሳይ ምን ሊባል ነው? ሥራ አስኪያጃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሰማ ግን በማግስቱ ኩሽናውን ለሌላ ያስረክባል። ሃያ ሁለት ዓመት የነገሥኩበት ኩሽና ነው፤ ከዚያ ውጭ የማውቀው ሥራም የለኝም። ስለዚህ በዘዴ መኖር ጀመርኩ። ድሮ የምስቅበትን የመለኪያ ማንኪያ ገዛሁ። ሽንኩርቱ መብሰሉን በድምፁ፣ ዘይቱ መጋሉን በጭሱ መለየት ለመድኩ። ሰላጣ የምትሠራዋን ሴትዮ ጠርቼ “ቅመሽና የሚጎድለውን ንገሪኝ፣ ላስተምርሽ ነው” እላታለሁ። እሷ ያስተማርኳት ይመስላታል፤ እኔ ደግሞ በእሷ አፍ ደሞዝ እበላለሁ።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ታናሽ ወንድሜ ከነሚስቱ ሊጠይቀን የመጣው።

ቤት ውስጥ የምንጠራው ጭልፋ እያልን ነው፤ ልጅ ሳለ ከአባታችን ጭልፋ ጋር ካልሆነ አይተኛም ነበር። እሱም አብሳይ ነው፤ በሌላ ከተማ ስሙ የገነነበት ኩሽና አለው። አራት ዓመት ሳንተያይ ኖረን ድንገት “ለእማዬ ሰማንያኛ ልደት እንመጣለን፣ አሥር ቀን እንቆያለን” ብሎ ደወለ። አሥር ቀን! ጭልፋ ከኩሽናው ለአባታችን ቀብር እንኳ ከሁለት ቀን በላይ ያልጠፋ ሰው ነው። ያኔ ነው የጠረጠርኩት።

መጥተው ሻንጣቸውን እንዳስቀመጡ ሚስቱ እዚህ እስካለን ቤት ውስጥ ድስት አይጣድም፣ ውጭ ነው የምንበላው፣ ግብዣውም በእኛ ነው አለች። ባለቤቴና ልጄ ደስታውን አልቻሉትም። እናቴም፣ እድሜ ይስጣትና፣ አዲሱን ጫማዋን ከካርቶኑ አወጣች። እኔ ብቻ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

የመጀመሪያው ቀን ሾርባ ነበር። እንደ ደንባችን ሁሉም እጁን ሰብስቦ እኔን ያያል። ቀመስኩ። ጨው አለ፣ ትኩስ ነው፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። “ይበላል” አልኩ። ድሮ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ጭልፋ ግን ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋኝና ምን ምን እንዳለበት ንገረኝ እስቲ አለ። ካሮት እንዳለ በዓይኔ አየዋለሁ፣ ካሮት አልኩ። “ሌላስ?” አለኝ። ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ በዝቷል። “ሌላስ?” ሎሚውን ዘግይቶ ነው የጨመረው፣ ከእሳት ካወረደው በኋላ ነው አልኩ፤ ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቀው። ጭልፋ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ማንኪያ አጣጣመና ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ ሾርባውን አልነበረም የምታየው፣ እኔን ነበር። አፍንጫዬ ሞቶ ነገር ብቻ ይሸተኝ ጀመር።

በሁለተኛው ቀን የተጠበሰ ዶሮ፣ በሦስተኛው ሩዝ በአትክልት። ሁሌ ከጎኔ ይቀመጣል፣ ሁሌ “ሌላስ?” ይላል። እኔም ዘዴ አበጀሁ። መጀመሪያ የልጄን ፊት አያለሁ፤ ከጣፈጣት ቅንድቧ ከፍ ይላል። ቀጥሎ የእናቴን ከንፈር። ከዚያ ከሃያ ሁለት ዓመት ትዝታ ውስጥ እየመዘዝኩ እዋሻለሁ። መቼም ውሸት ከጀመሩት አያንስም፤ አንድ ቀን ዶሮው ላይ የብርቱካን ልጣጭ መኖሩን ሁሉ ነገርኩት። ጭልፋ እንደ ሕፃን ፈገግ ብሎ “እውነትም የብርቱካን ልጣጭ” አለ። እያፌዘብኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

ማታ ለባለቤቴ ይሄ ሰው ተልኮ ነው፣ የሆነ ነገር ሰምቷል አልኳት። ማን ላከው፣ ምንስ ሰማ ስትለኝ ብርድ ልብሱን ሳብኩ፤ ብመልስላት ጉዴ ይወጣል። ወንድምህ ናፍቀኸው ነው፣ አንተ ደግሞ ሰውን ማመን ድሮም አይሆንልህም ብላኝ ዞራ ተኛች።

ሐሙስ ዕለት ግን ማስረጃ አገኘሁ። ከሆቴላችን ኩሽና በር ላይ ክብ መስታወት አለ፤ በእሱ በኩል ወደ ኮሪደሩ ሳይ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተከፈተና ጭልፋ ወጣ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል። ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ የሆነ ነገር አለው፤ ጭልፋም እጅ ነሳ። የያዝኩትን ሳህን አስቀምጬ ከመስታወቱ ዞር አልኩ። ማታ ሻይ ስንጠጣ ዛሬ የት ዋልክ አልኩት፣ እንደ ዋዛ። ከተማውን ስዞር ዋልኩ አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

አሁን ሁሉም ገባኝ። ከእኔ ዘጠኝ ዓመት ያንሳል፣ ጤነኛ አፍንጫ አለው፣ የአባቱም ልጅ ነው። በየምግብ ቤቱ “ሌላስ?” እያለ ሲፈትነኝ ሰነበተ፣ ፈተናውን ለአለቃዬ አቀረበ፣ የቀረው ኩሽናዬን መረከብ ነው። የገዛ ወንድሜ! ሞኝህን ፈልግ አልኩ በሆዴ። በእናቴ ልደት ላይ ራሱን መልሼ እፈትነዋለሁ፤ በቤተሰቡ ሁሉ ፊት።

እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ ጭልፋ የመረጠው ቤት ሄድን። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ መሃል ላይ አበባ፣ እናቴ ራስጌ ላይ በአዲሱ ጫማዋ። ስትወደው የኖረችው ዓሣ ነውና ጭልፋ አንድ ሙሉ ዓሣ በነጭ ስጎ አዘዘ። አስተናጋጁ ሰፊውን ሳህን አምጥቶ እኔ ፊት አስቀመጠው፤ እኔና ጭልፋ አንድ ጫፍ ላይ ነን፣ ሌሎቹ ራቅ ብለዋል። እጆች ሁሉ ጭን ላይ ገቡ። የልጄን ቅንድብ አየሁ፤ እኔን እያየች ፈገግ ትላለች፣ ምንም አይነግረኝም።

ቀመስኩ። ስጎው ወፍራም ነው፣ ቅቤው ምላሴን ያለብሰዋል። ዓሣው ግን ለስልሶ ይፈራርሳል። ይሄ አብሳይ አብዝቶ ቀቅሎታል፣ የአሠራር ጉድለት ነው እንጂ ዓሣው ችግር የለበትም ብዬ ወሰንኩ።

“ይበላል” አልኩ።

“ሌላስ?” አለ ጭልፋ፣ እንደፈራሁት።

“ቅቤ፣ ትንሽ ነጭ በርበሬ። ዓሣው ዛሬ ጠዋት ከውሃ የወጣ ነው።” ከዚያ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረግሁት። “ዛሬ አንተም ቅመስና ፍረድ። አብሳይ አይደለህ?”

ሚስቱ ቀና አለች። ጭልፋ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ማንኪያ ጎረሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ። “ልክ ብለሃል ጋሼ። የዛሬ ጠዋት ነው። ይበላል” አለ።

አስተናጋጁ ማደል ጀመረ፣ ከባለልደቷ ተነስቶ። እናቴ አንድ ማንኪያ ወደ አፏ አስገባችና ቆም አለች። እኔን አየችኝ። ጭልፋን አየችው። ከዚያ ዋጠችው፣ ሁለተኛውንም ደገመች። የልጄ ሹካ ግን አፏ ሳይደርስ አፍንጫዋ ስር ቆሞ ቀረ።

“አባዬ፣ ይሄ ዓሣ ሸትቷል” አለች ቀስ ብላ።

ባለቤቴ ሳህኗን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ወዲያው አራቀችው፤ በጨርቅ አፏን ሸፈነች። ከጎናችን ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ ዞር ብለው ማየት ጀመሩ። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ ወደ ጭልፋ ዞርኩ። እሱም ወደ እኔ ዞሯል። ጉንጩ ሞልቷል። የእኔም ሞልቷል። በዚያ ሁሉ ጉድ መሃል ሁለታችንም ማኘክ አላቆምንም ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። የጎረስኩትን በወረቀት ተፋሁና፣ ሌላ ምን ልበል፣ “ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሸትህ?” አልኩት።

“ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አንተስ?”

“ሦስት ወር።”

ጭልፋ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ዘረገፈው። እሱ ጋ ታውቆበት ከኩሽናው ከወጣ ሰባት ወር አልፎታል፤ ሚስቱ በልብስ ስፌት ነው የምታኖረው፤ የግብዣው ገንዘብም ከዕቁቧ የወጣ ነው፣ እዚህ አብስል እንዳይባልና እንዳይጋለጥ። ሐሙስ ዕለት ሥራ አስኪያጃችን ዘንድ የሄደው ለሳህን ማጠቢያ ሰው እንደሚፈልጉ ሰምቶ ነው። አለቃዬ ወንድምህ ሳያውቅ አልቀጥርህም፣ መጀመሪያ ንገረው ብሎታል፤ እሱ ደግሞ ሊነግረኝ አፉን በከፈተ ቁጥር አፍሮ ይመልሰዋል። እኔ ዙፋኔን ሊነጥቅ የመጣ አድርጌ የገላመጥኩት ሰው ሳህኔን ሊያጥብልኝ ነበር የመጣው። አንጀቴን በላው።

“ታዲያ ያ ሁሉ ‘ሌላስ’ ምን ነበር?” አልኩት።

“ሁለት ዓመት ምንም አልበላሁም ጋሼ። መዋጥ ብቻ ነው። አንተ ሎሚው ዘግይቶ ገባ ስትለኝ ግን ሎሚው ይመጣልኝ ነበር። እምልልሃለሁ። አንተ ስትናገር ነው ሳምንቱን የበላሁት።” ቀና ብሎ አየኝ። “የብርቱካኑ ልጣጭስ? እሱም አልነበረም?”

“ከራሴ ፈጥሬው ነው” አልኩት። ጭልፋ መሳቅ ጀመረ፣ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረበት፤ ሚስቱ ጀርባውን ታሻሸው ነበር። አሁን ነው ሰሞኑን ለምን እኔን ታይ እንደነበር የገባኝ። ባሏ ሲበላ ማየት ናፍቋት፣ እኔ እንዳላቆም በዓይኗ እየለመነችኝ ኖሯል።

እናቴን ግን ማየት አቃተኝ። “እማዬ፣ አንቺ እኮ አፍንጫሽ ደህና ነው። ለምን ዋጥሽው?” አልኳት።

“ሸትቶኝ ነበር” አለች። “ሁለታችሁም ይበላል ስትሉ ጊዜ፣ በቃ የኔው አፍንጫ ነው ያረጀው አልኩ።”

እንደዚህ የሚያም ነገር ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ከገዛ አፍንጫዋ ይልቅ እኔን አምና የሸተተ ዓሣ በልታለች፣ በልደቷ ቀን። የእኔ ሆቴል ደግሞ በየቀኑ መቶ ሃምሳ ሰው ይመግባል፤ ሁሉም እንደ እሷ እጁን ሰብስቦ የሚያምነኝ። ባለቤቴና ልጄ እየሰሙ፣ ነገ ሰኞ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ እናገራለሁ አልኩ። ባለቤቴ ሦስት ወር ሙሉ ዝም ማለቴ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ በጠረጴዛው ስር እጄን ያዘችኝ፣ ጠበቅ አድርጋ። የማታው ቁጣ እንደሚጠብቀኝ ከአያያዟ ገባኝ።

አስተናጋጁ እየተሳቀቀ ዓሣውን አነሳ፣ በፋንታው ዶሮ በሩዝ ይዞ መጣ። እንፋሎቱ ይታየኛል። ሳህኑን ይዞ የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገባው። ከልማድ የተነሳ እጆች ሁሉ ጭን ላይ ገብተዋል፤ ማንም ግን ወደ እኔ ለማየት አልደፈረም።

እናቴ “ወዲህ በለው” አለችው። ሳህኑን ፊቷ አስቀመጠ። ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ በማንኪያዋ ጫፍ ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች፣ እንደ አባታችን ጥቂት አቆየችን።

“ይበላል” አለች።

ሁሉም ሹካውን አነሳ። ጭልፋና እኔ አላነሳንም። ወንበሬን ወደ እሷ ሳብኩ፤ ከኋላዬ የጭልፋም ወንበር ሲሳብ ሰማሁ።

“ሌላስ፣ እማዬ?” አልኳት።