ሃያና መቶ

«ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ? ጻፊ እንጂ» አላት ሥራ አስኪያጁ።

ጻፈች። ጉድ እኮ ነው! በመሥሪያ ቤቱ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ብቻ ስለሆነች የራሷን ክስ በራሷ እጅ እየጻፈች ነበር። ከሳሹ ሥራ አስኪያጁ፣ ሰብሳቢውም ሥራ አስኪያጁ። አጠገቡ ያሉት የአስተዳደር ኃላፊዋ ደግሞ አንገት ለመነቅነቅ ብቻ የተጠሩ ይመስላሉ። «ተራ ቁጥር አንድ፦ ጸሐፊዋ የዝግ ስብሰባ ምስጢር ሆን ብላ በማሰማት ተከስሳለች» ብላ ላፕቶፗ ላይ መታች። ጥፋተኛ ከተባለች ትባረራለች፤ እሷም እናቷም የሚኖሩት በዚህችው ደሞዝ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሰኞ ጠዋት ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ የተቀዳውን የዝግ ስብሰባ እየሰማች ወደ ጽሑፍ ትገለብጥ ነበር። ሽማግሌው የጥበቃ ሠራተኛ ፖስታ ሊያስፈርሟት መጡ። አባት የሚሆን ሰው ቆሞ ተቀምጣ መፈረም አልሆነላትምና ብድግ ስትል ሽቦው ከላፕቶፑ ተነቀለ። ያን ጊዜ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ቢሮውን ሞላው፦ «ጥበቃዎቹ አርጅተዋል። በወሩ መጨረሻ አሰናብተን ሌሎች እንቀጥራለን። እስከ መጨረሻዋ ቀን ግን ምንም እንዳይሰሙ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሽማግሌው ጆሮ ግን ያን ቀን የገዛ ጉዳቸውን አንድ ቃል ሳይቀር ሰማ። ፖስታውን አስቀምጠው «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» ብለው ወጡ። ስለተነሳችላቸው ይሁን ስለሰሙት ነገር አልነገሯትም።

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ሰምቶ ከክፍሉ እየሮጠ ወጥቶ ስክሪኑን ሲያይ የድምፁ መጠን መቶ ይላል። ክሱን የመሠረተው በዚህችው መቶ ላይ ነው።

«መቶ ላይ አድርጎ በማዳመጫ የሚሰማ ሰው የለም፤ ይደነቁራል» አለ አሁንም። «ስለዚህ ድምፁን መቶ አደረስሽ፣ ከዚያ ሽቦውን ነቀልሽ። ይሄንንም ጻፊ።»

ይሄንንም ጻፈች። ጠዋት እናቷ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው፣ ይቅርታ ጠይቃ እንድትመለስ መክረዋት ነበር። እሷም አስባበት ነበር የመጣችው። ነገር ግን «ሆን ብላ» የምትለዋን ቃል በገዛ እጇ ስትጽፋት ደሟ ፈላ። ሌላ ሰው ቢጽፋት ኖሮ ምናልባት ትውጣት ነበር።

ማዳመጫዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ላፕቶፑንም ወደ ኃላፊዋ አዞረች።

«እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይሰኩት። ስንት ይላል?»

«ሃያ» አሉ ኃላፊዋ።

«አሁን ይንቀሉት።»

«መቶ።»

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ደግመው ሰኩት፣ ደግመው ነቀሉት። ሃያ። መቶ። በሦስተኛው ጨዋታው የጣማቸው መሰሉ።

እሷም አስረዳች። ማሽኑ የማዳመጫውን ድምፅ ለብቻ፣ የስፒከሩን ለብቻ ይይዛል፤ አንዱን ብትቀንሰው ሌላው ንቅንቅ አይልም። እሷ ለጆሮዋ ሃያ ላይ አድርጋ ስትሠራ የስፒከሩ ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንደተተወ በምን ታውቃለች? ይህንንም ያወቀችው ገና ትናንት፣ ላፕቶፑን ቤቷ ወስዳ ስትሰካና ስትነቅል ነው።

«ታዲያ ስፒከሩን መቶ ያደረገው ማነው?» አለች ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ። «ዓርብ ዕለት ላፕቶፔን ከጠረጴዛዬ ወስደው አዳራሽ ውስጥ የሥልጠና ፊልም ያሳዩት እርስዎ ነዎት። ከኋላ አይሰማም ሲባል ድምፁን የጨመሩትም እርስዎ ነዎት።»

«እውነቷን ነው፤ አይሰማም ያልኩት እኔ ነበርኩ» አሉ ኃላፊዋ። ወዲያው ሥራ አስኪያጁን አዩና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አላላ። ሲናገር ድምፁ ለስልሷል። ክሱ ቀርቷል አለ፣ ማንም አይነካትም፤ የዓርቡን ነገር ግን አትጻፈው። «ጸሐፊዋ በመዝረክረኳ ይቅርታ ጠየቀች» ብላ ትዝጋውና ወደ ሥራዋ ትመለስ።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ብትጽፋት ደሞዟም አለ፣ እናቷም ያርፋሉ። ጣቷን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ አሰበች፤ አስባም አልሆነላትም።

«አልተዝረከረክሁም» አለች። «ሽማግሌ ሰው ሲመጣ ተነሳሁ። ስለ ራሳቸው መስማታቸውም አይቆጨኝም፤ መስማት የነበረባቸው እሳቸው ናቸው።»

«ሥራሽን አትፈልጊውም ማለት ነው?»

«እፈልገዋለሁ። ይኸው እየሠራሁት ነው።»

ከዚያም መታች። «ተራ ቁጥር ስድስት፦ ዓርብ ዕለት የስፒከሩን ድምፅ መቶ ያደረጉት ሰብሳቢው መሆናቸው ተረጋገጠ። ተራ ቁጥር ሰባት፦ ሰብሳቢው ይህ እንዳይጻፍ ጠየቁ፤ ጸሐፊዋ አልተስማማችም።» አትማም ወረቀቱን ከማተሚያው አነሳች። ከግርጌው ስሟን ጽፋ ፈረመች፤ ብዕሩንም ወደ ሥራ አስኪያጁ ገፋችው።