የ«ራን» ምሳሌዎች

ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ መዝገበ ቃላት መጻፍ ይችላሉ? ልጅቱ ከሩቅ አገር ትምህርቷን ጨርሳ ወደ አባቷ ቤት በተመለሰች በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ጥያቄ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱን ግን አላገኘችም። ሁለቱ ሰዎች አባቷና አክስቷ ነበሩ።

ላይኛው ፎቅ መኖሪያቸው ነው፤ ምድር ቤቱ መሥሪያ ቤታቸው። በምድር ቤቱ ሁለት ጠረጴዛዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ድሮ ያልነበረ የመጻሕፍት መደርደሪያ እንደ ድንበር ተገትሯል። ከወዲህ አባት፣ ከወዲያ አክስት። ሁለቱም ጡረታ የወጡ የቋንቋ አስተማሪዎች ናቸው። የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን የጀመረው ግን የአክስቷ ባል ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና «ኤች» ፊደል ላይ ሞተ። ትቶት የሄደው ሕግ በራሱ እጅ እንደተጻፈ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፦ «ያለ ምሳሌ ትርጉም የለም።» ሥራው ዛሬም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ትርጉም አንዳቸው ካርድ ላይ ምሳሌ ይጽፋሉ፣ ሌላኛው አንብቦ ይፈርማል። የሁለት ሰው እጅ ያላረፈበት ካርድ ማተሚያ ቤት አይገባም። ስለዚህ ሁለቱ መኮራረፍ ይችላሉ እንጂ መለያየት አይችሉም።

የኩርፊያው ምክንያት ሞተር ሳይክል ነው። የሟቹ ሞተር ለዓመታት ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሞ ነበር፤ አክስትዬው አልፎ አልፎ ሸራውን ገልጣ አቧራውን ትጠርግለታለች። አንድ ቀን ጠዋት አባት መኪናውን ወደ ኋላ ሲያወጣ ሞተሩን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይበርድ ነበር። ያከረረው ከመኪናው ወርዶ የተናገረው ነው።

«ድሮም እኮ አይሠራም ነበር!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። መደርደሪያው መጣ። ልጅቱ ስትደርስም ሥራ ተሰጣት፤ ካርድ ከወዲህ ወዲያ ማመላለስ።

የደረሱበት ቃል፣ ስለሚያስቸግር ከ«አር» ፊደል መጨረሻ ያቆዩት፣ «ራን» (run) ነበር። ለዓይን ትንሽ ቃል ናት፤ አማርኛ ውስጥ ስትገባ ግን የማትሆነው ነገር የለም። ሰው ሲሆን ይሮጣል፣ ውሃ ሲሆን ይፈስሳል፣ ማሽን ሲሆን ይሠራል፣ የጨርቅ ቀለም ሲሆን ይለቃል፣ ስኳር ሲሆን ያልቃል። ልጅቱ በተማረችበት አገር ምሳሌ ማለት ከሺህ መጻሕፍት በኮምፒውተር የሚለቀም፣ የማንም ስሜት ያልነካው ዓረፍተ ነገር ነው። እዚህ ግን የመጀመሪያዋን ካርድ ከአክስቷ ተቀብላ አነበበች።

መሮጥ፦ «አንዳንድ ሰው ጥፋቱን ሲያይ ወደ ቤት ሮጦ በሩን ይዘጋል።»

አባቷ አነበበ፣ ፈረመ፣ የራሱን ጻፈ።

መፍሰስ፦ «በትንሽ በትልቁ እንባዋ እንደ ቧንቧ የሚፈስስ ሴት አውቃለሁ።»

ከወዲያ መልስ መጣ።

ማለቅ፦ «ስኳሩ አልቋል፤ የጨረሰው ሰው ግን ባዶውን ጣሳ ከድኖ መልሶታል።»

ስኳሩ እውነትም አልቆ ነበር፤ ልጅቱ ጠዋት ያለ ስኳር ሻይ ጠጥታለች። አባቷ ግን ወደ ኋላ የሚል አልሆነም።

መሥራት፦ «ያ ሞተር ባለቤቱ ከሞተ ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም።»

አክስትዬው በዚህኛው ላይ ስትፈርም ቀዩ እስክሪብቶ ካርዱን በስቶት ወጣ። ልጅቱ ቀዳዳውን እያየች፣ አስታራቂ ነኝ ስትል ጥይት አቀባይ መሆኗ ገባት።

አንድ ቀን ከሰዓት አክስቷ ጠራቻት። «አንቺ ልጅ፣ ለአባትሽ ንገሪው። የ«አር» ፊደል ሲያልቅ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። ጠቅልዬ ነው የምሄደው።»

«አባዬ እዚሁ ነው እኮ አክስቴ። እየሰማሽ ነው።»

«ይስማ። እኔ ለእሱ አላወራሁም።»

ከመደርደሪያው ጀርባ ሳል ተሰማ። የጉንፋን ሳል አልነበረም።

ማታ እራት ላይ ልጅቱ አባቷን ያዘችው። «ይቅርታ ብትላት ምን ይጎድልብሃል?»

«ይቅርታ በእንግሊዝኛ በኤስ ነው የሚጀምረው» አለ ዳቦውን እየቆረሰ። «እኛ ገና ‹አር› ላይ ነን።»

«እሷ እኮ ኤስ ላይ ስትደርሱ እዚህ አትኖርም!»

አባቷ ማኘኩን አቆመ። የሚናገር መስሎ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዳቦውን ጎረሰበት።

በማግስቱ ልጅቱ የማይገባትን አደረገች። «ራን ኢንቱ» የሚለው፣ ሳይታሰብ መገናኘት ማለት ነው፤ ተራው የአባቷ ነበር። አባቷ መታጠቢያ ቤት እስኪሄድ ጠብቃ ጋደል ያለውን የእጅ ጽሑፉን አስመስላ ጻፈች፦ «የምወዳት እህቴን መንገድ ላይ ሳላስበው አገኘኋትና ይቅርታ ጠየቅኋት።» ካርዱን ለአክስቷ ሰጥታ ጥግ ላይ ቆመች።

አክስቷ አነበበች። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገችው፣ ደግማ አነበበች። ፊቷ አመድ መሰለ። ከወንበሯ ተነስታ፣ መደርደሪያው ከተተከለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድንበሩን ተሻገረች። አባት ገና እጁን እያደረቀ እየገባ ነበር።

«አንተ! ሐኪሙ ምን አለህ?»

«የምን ሐኪም?»

«አትደብቀኝ! ጤነኛ ሰው እንዲህ ብሎ አይጽፍም!»

ካርዱን ከእጇ ነጥቆ አየው። «እትዬ ሙቺ፣ ይሄ የኔ አይደለም! ‹የምወዳት› የሚል ቃል ከእጄ ወጥቶ ያውቃል?»

«እሱማ አይወጣም! እኔስ የደነገጥኩት ለምን ሆነና?»

ከዚያ ሁለቱም አንገቶች በአንድ ጊዜ ወደ ጥጉ ዞሩ።

«እኔ… እንዲያው…» አለች ልጅቱ።

«ማጭበርበርሽስ ይሁን» አለች አክስቷ፤ «ደግሞ ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው? አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ሰዎች ምን ሲደረግ ነው መንገድ ላይ ሳይታሰብ የሚገናኙት?»

«ልክ ነሽ» አለ አባት። «ደግሞ ‹ይቅርታ ጠየቅኋት› ትርፍ ነው። ትርጉሙ መገናኘት ነው፤ ከተገናኙ በኋላ ያደረጉት እኛን አያገባንም።»

«ላንተ ነው ትርፍ የሆነብህ!»

«ለመዝገበ ቃላቱ ነው ያልኩት እትዬ!»

«ያስተማርናት እኛ ብንሆን እንዲህ አትጽፍም ነበር።»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

ወንበር ሳበላት፤ ተቀመጠች። አንዷን ዓረፍተ ነገር እየቆረጡና እየቀጠሉ፣ እየተጯጯሁ፣ ከሰዓቱን ሙሉ ዋሉባት። እሷ ከእሱ ሳህን ብስኩት እያነሳች በላች፤ እሱ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ልጅቱ ጥግ ላይ ሆና ስድቧን ትቀበላለች፤ ግን አንጀቷ ርሷል። ከዚህ በኋላማ ሻንጣ የሚባል ነገር የለም ብላ አሰበች።

አንድ ካርድ ብቻ ቀረ። «ራን ኦቨር»፤ በመኪና መግጨት። ሁለቱም ከመጀመሪያው ሲዘሉት የከረሙት ነው። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ነገ ጠዋት ይጠብቃል።

«ተራው ያንተ ነው» አለች አክስትዬው፤ ድምጿ ለስላሳ ነበር። ወደ ጠረጴዛዋ አልተመለሰችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እዚያው ተቀመጠች።

ልጅቱ ከጥጉ ጠጋ አለች። አሁን ቢጽፈው በቃ ነው። እጁ ነው የሚጽፈው፣ አፉ ምንም አይጠየቅም። አባቷ እስክሪብቶውን አነሳ። ጻፈ፣ ሰረዘ። በመስኮቱ ወደ ግቢው አየት አደረገ፤ ሸራው ካለበት በኩል ዓይኑን ቶሎ መለሰ። እንደገና ጻፈና ካርዱን ገፋ አደረገላት።

«ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲሄድ አንድ ዶሮ ገጨ።»

«ዶሮ» አለች አክስትዬው።

«ለተማሪ እንዲገባ ብዬ ነው…»

«ይገባል። አጭርም ነው።» ፈረመች። ቀዩን እስክሪብቶ ከድና እሱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች፤ ትንሽ ቆይቶ የሻንጣ ዚፕ ሲሳብ ተሰማ።

ጠዋት ታክሲ መጣ። አባት ሻንጣውን ተሸክሞ አወረደ። አክስት ልጅቱን አገላብጣ ሳመቻት፤ ወንድሟን «ደህና ሁን» አለችው። እሱም «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» አለ፤ አስተማሪ ለተማሪው የሚመርቅ ነበር የሚመስለው። ወደ ሸራው በኩል ሳታይ ሄደች።

ከዚያ አባትዬው ከሰዓት ከሰዓት መጥፋት ጀመረ። ወዴት ነህ ሲባል «ኤስ ብዙ ጥናት ይፈልጋል» ይላል። ማታ ሲመለስ ጥፍሮቹ ውስጥ ጥቁር ቅባት አለ። ልጅቱ፣ ኤስ ይህን ያህል ያቆሽሻል ወይ ብላ ጠረጠረች።

አንድ እሁድ ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ጓ አለ። ቀጥሎ ድርርር የሚል ድምፅ፣ ጭስ፣ የጎረቤት ውሾች ጩኸት። ልጅቱ እየሮጠች ወረደች። አባቷ ክራባቱን እንዳሰረ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል። የፊት ጎማው ጠመም ያለ ነው፤ ታንኩ ላይ የግድግዳው ቀለም አለ። አይሄድም፤ ግን ይሠራል። አባትዬው መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል፤ ሊያጠፋው ፈርቷል፣ ቢጠፋ ተመልሶ ላይነሳ ይችላልና።

«ስልኬን ከኪሴ አውጪው!» ብሎ ጮኸ። «እጄ ቆሽሿል! ለአክስትሽ ጻፊላት!»

«ምን ልበል?»

ረጅም ነገር ጀመረ። ስለ ሟቹ፣ ስለዚያ ጠዋት፣ ስለ ካርቡራተሩ፣ ዕቃዎቹን ፈትቶ ሲወስድለት የሰፈሩ መካኒክ ስለሳቀበት ሁሉ። ልጅቱ ጻፈች። ከዚያ «አንብቢልኝ» አለ፤ አነበበች። «ይሄ ይውጣ» አለ። «ያም ይውጣ። ይሄም።» የልማዱን እየቆረጠ እየቆረጠ ሄዶ አንድ መስመር ብቻ ቀረ።

«እትዬ፣ ዶሮ አልነበረም።»

«በቃ? ሞተሩ ተነሳ አትላትም?»

«ትርፍ ነው» አለ። «ላኪው።»

ላከችው። መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው ታየ። አባቷ ስልኩን በፊቱ እንድትይዝለት አድርጎ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ እላዩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። መልስ አልመጣም፤ ከዚያም ወዲህ አልመጣም።